የአሪፋ የስፌት መኪና ምን አለ

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ፣ አሪፋ ሰዑድ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያች በረንዳ አልተነቃነቀችም። ታውቋታላችሁ። ሱሪ አሳጥራችሁ፣ የልጃችሁን ዩኒፎርም አሰፍታችሁ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ መጥታችሁ "አላለቀም እንዴ?" ብላችሁ ፊታችሁን አጥቁራችሁባታል። የመኪናዋን ድምፅም በየቀኑ ሰምታችኋል። ሰማን የምንለው ግን ውሸት ነው፤ አንዳችንም አልሰማንም። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በእናንተ ተናድጄ ነው። መጨረሻው ግን ደስታ ነውና ታገሡኝ።

አሪፋ የተወለደችው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለች መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍልን ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ጨረሰች። በዚያው ክረምት አባቷ ሞቱ፤ ዘጠነኛ ክፍል የሚባለው ነገርም በዚያው ቀረ። እዚህ ላይ ከንፈሩን የሚመጥ አንባቢ ይኖራል። አይምጠጥ። ከንፈር መምጠጥ ማንንም ትምህርት ቤት አስገብቶ አያውቅም።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሐይቅ አክስቷ ዘንድ መጣችና አያ አሕመዲን ጋ ስፌት ገባች። አያ አሕመዲን የከተማው አንጋፋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቷቸዋል፤ ያኔ ግን የሠርግ ኮት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር የሚያልፈው። ሴት ልጅ መኪና ላይ ማስቀመጣቸው ያላማራቸው ደንበኞች ነበሩ። "እጇ ነው የሚሰፋው፣ እናንተ ምን ቤት ናችሁ" ብለው መለሷቸው።

ጨካኝ አስተማሪም ነበሩ። ከሁሉ የማይታገሡት ጫፉ ያልታሰረ ስፌት ነው። ሌላው ሰፊ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጨርቁን አዙሮ በዚያው ይመለስበታል። እሳቸው እንዲያ አይሠሩም። እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሡና፣ ጨርቁን ባለበት ይዘው፣ የመኪናውን መዘውር በእጃቸው ሁለት ጊዜ ያዞራሉ። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ይወጋል፣ አለቀ። ይህን ማሰሪያ ይሉታል። አሪፋ ማሰሪያ የረሳች ቀን በእንጨት ሜትር ጣቷን ይመቷታል። ሦስት ዓመት ተመትታ ተማረች። ይህን ማሰሪያ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እኔ ውበቱ እባላለሁ፤ ከእሷ ሁለት በር አልፎ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ። አሪፋ ከእኔ ዘንድ ሽፋኑ የወለቀ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ወሰደች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላትም ጨምራ ወሰደች። ሁለቱንም ከመኪናው ጠረጴዛ ስር አስቀምጣ፣ ደንበኛ ሲጠፋ አንድ ገጽ፣ ሲመጣ መዝጋት። እንዲህ አድርጋ ስለ ድምፅ ሞገድ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ኮከቦች ርቀት አነበበች።

አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ "ውበቱ፣ ከኮከብ የተላከ ምልክት እኛ ዘንድ እስኪደርስ ላኪው ሊሞት ይችላል፣ አይደል?" አለችኝ።

"ይልቅ የሱሪዬን ዚፕ ጨርሽልኝ" አልኳት።

ይህን በጻፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ማንም ሳያስተምረኝ ራሴን አስተማርኩ እያልኩ አገር የማሰለች ሰውዬ፣ ራሷን የምታስተምር ሰው ደጄ ላይ ስትቆም ያየሁት የሱሪዬን ዚፕ ነው።

ለካ እየጻፈች ነበር። አራት ደብተር ሙሉ፣ በእርሳስ፣ ሳይንሳዊ ልቦለድ። ታሪኩ ይህ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በሐይቁ ዳር ትልቅ ከተማ አለ። ከከተማው በላይ ሰማይ ላይ "ሰሚው" የሚባል ማሽን ተሰቅሏል። ሰሚው የሰውን ንግግር ሁሉ ይሰማል፤ ያልተፈቀደ ነገር የተናገረ ሰው በማግስቱ አይገኝም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ንግግርን ለይቶ ለመስማት ሲል የሥራን ድምፅ አጥልሎ ይጥላል። ወፍጮው፣ መዶሻው፣ የስፌት መኪናው ለሰሚው ጫጫታ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ይህ ይገባታል። እሱ በሚጥለው ድምፅ ውስጥ መልእክት ቢደበቅ ሊያገኘው አይችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐይቁ ማዶ ላለችው እህቷ በመኪናዋ ምት ትጽፍላታለች።

አጻጻፉ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚችለው ነው። በፊደል ገበታ ላይ ሀ የመጀመሪያው ረድፍ ነው፣ ለ ሁለተኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ ፐ ሠላሳ ሦስት ረድፍ። በየረድፉ ሰባት ፊደል አለ። መጀመሪያ ረድፉን በምት ትቆጥራለህ፣ ታርፋለህ፣ ከዚያ በረድፉ ውስጥ ስንተኛው እንደሆነ ትቆጥራለህ። ሁለት ምት፣ ዕረፍት፣ ሁለት ምት ቢሆን ሉ ማለት ነው። ይኸው ነው።

ደብተሩን ማን ያነብልኛል ብላ ታሪኩን በስልኳ ቀዳችው። ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ራሷ ሆና ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ የምትልከው የመጀመሪያው ምልክት ላይ ስትደርስ ስልኩን ከመኪናዋ አጠገብ አኖረች፣ ጨርቅ ሳታስገባ ፔዳሉን ረገጠች። ያ ድምፅ በእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ላይ ይሰማል።

ዝናው የሚባል ሰው አለ። የውጫሌ ልጅ ነው፤ ደሴ ተቀምጦ ትረካ እያዘጋጀ በዩቲዩብና በቴሌግራም ይለቃል። ክፋቱ ድምፁ የሚያምር መሆኑ ነው፤ ድምፁ ያማረ ሰው የሚናገረው ሁሉ እውነት ይመስለናል። ጃኬት ሊያስጠግን መጥቶ አሪፋ ቅጂዋን ስታዳምጥ ደረሰ። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ለስቱዲዮ ሰዎች ላሰማልሽ አላት። በሜሞሪ ካርድ ገልብጣ ሰጠችው። ከዚያ ስልክ ብትደውል አያነሣም፤ ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ።

በዘጠነኛው ወር አሪፋ ክር ልትገዛ በባጃጅ ስትሄድ ሾፌሩ ትረካ ከፍቶ ነበር። የራሷን መኪና ሰማች። ከዚያ አንድ የሚያምር የወንድ ድምፅ፣ "ሰሚው፤ ደራሲና አዘጋጅ ዝናው" አለ። አስቁማ ወረደች። ሾፌሩ፣ "እቴ፣ ገና አልደረስንም እኮ" እያለ ከኋላ ይጣራ ነበር።

ታሪኩን ከነቃሉ ነው የወሰደው። ተዋንያን ቀጥሮ ድምፁን ለወጠ። የመኪናውን ምት ግን የተሻለ ሊያገኝለት ስላልቻለ እንዳለ ተወው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ የፊደሉን አቆጣጠር ስታስተምራት ይሰማል፤ እኔ ከላይ እንዳስረዳኋችሁ። አርባ ሺህ ሰው ይህን ሰማ። አቆጣጠሩን ተማረ፣ ምቱንም ሰማ። ነገር ግን ከአርባ ሺህ ሰው አንዱ እንኳ ምቱ ምን ይላል ብሎ አልቆጠረም። እኔም አልቆጠርኩም። ዝናው ራሱ አልቆጠረም። ስለ ሰሚው የሚተርከውን ታሪክ እየሰማን ሰሚውን ሆንን፤ የልብስ ሰፊ መኪና ነው፣ ጫጫታ ነው ብለን ጣልነው።

አሪፋ ሽማግሌ አስቀመጠች። ከሦስቱ አንዱ አያ አሕመዲን ነበሩ። ዝናው መጣ፣ ትሕትናው አያድርስ። ደብተሮቿን ስታወጣ፣ ትረካውን ሰምታ የገለበጠችው ይሆናል፣ እኔ አልፈርድባትም፣ ብዙ አድናቂ እንዲህ ያደርጋል አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደብተር ላይ ቀን የለም፣ በስልኳ የቀዳችው ስልኩ ሲበላሽ ጠፍቷል። እሱም ልጃችን ነው፣ አንችም ልጃችን ነሽ፣ ተቃቅፋችሁ ተለያዩ አሏቸው። እንዲህ ነው የኛ ዕርቅ። የተነጠቀው ይቅር እንዲል፣ የነጠቀው ይቅር እንዲባል፤ ከዚያ ምሳ ይበላል። አሪፋ አላቀፈችውም። ደብተሮቿን በፌስታል አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ሱቄ መጣችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "ውበቱ፣ ስሜ ውስጡ አለ" አለችኝ።

የት ውስጥ አልኳት። ምቱ ውስጥ አለችኝ። የመጀመሪያው ምልክት አ፣ ሪ፣ ፋ ይላል፤ ስትረግጥ እየቆጠረች ነው የረገጠችው። ያን ጊዜ እኔን ማየት ነበር። በቁጣም በደስታም ተነሥቼ መጽሐፍ ረጋግጬ ወጣሁ። እስቲ ቁጭ ብለህ ምቱን ቁጠረው የሚለኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። አልቆጠርኩም። መናደድ መቁጠር የሚያስቀር ሥራ መሰለኝ።

ሐይቅ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የንባብ ቀን ተዘጋጅቶ፣ የክብር እንግዳው ዝናው ነበር። "የአካባቢያችን ደራሲ" የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አዘጋጇ መምህርት እናትነሽ ናት፤ አማርኛ ታስተምራለች፣ ቤተ መጻሕፍቱንም በአደራ ይዛለች። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም፣ አላባረረችኝምም። በጉባኤው ፊት አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፣ አሪፋም ዕድል ታገኛለች፣ ነገር ግን ሁለታችሁ ካፈራችሁ እንዳትመጡብኝ አለችኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ከፊት ወንበር ላይ ሽማግሌው ሁሉ። ዝናው ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። መምህርት እናትነሽ ማይኩን ተቀብላ፣ ያ የሚገርም የምልክት ድምፅ እንዴት እንደተሠራ ጠየቀችው።

"በኮምፒውተር ነው የፈጠርኩት፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል" አለ።

"ትርጉም አለው?"

"የለውም። ዝም ብሎ ድምፅ ነው።"

አሪፋ ከመሀል ተነሣች። ድምፁ የእሷ መኪና ድምፅ እንደሆነ፣ ትርጉምም እንዳለው፣ ቢቆጠር ስሟን እንደሚል ተናገረች። አዳራሹ አጉረመረመ። ከአንደኛ ክፍል የፊደል ገበታ መጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። መምህርት እናትነሽ ረጅም ዘንግ ይዛ አጠገቡ ቆመች። ምቱ በድምፅ ማጉያው ተለቀቀ፣ ተማሪው በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመረ።

አሥራ ስምንት። ዘንጉ ወደ ታች ወርዶ ኸ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ሦስት ምት። ኺ ሆነ።

አሪፋን አየኋት። ግንባሯ ተቋጥሯል።

ስምንት፣ ከዚያ አምስት። ሼ።

"ኺሼ ማናት? የየት አገር ሰው ናት?" አለ ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሦስተኛው ፊደል መጣ። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት። ገበታው ሠላሳ ሦስት ላይ ያልቃል። የመምህርት እናትነሽ ዘንግ ከገበታው ወርዶ ባዶ ግድግዳ ነካ። አሁን የሳቀው ከፊት ያለው ሰው ጭምር ነው።

ዝናው በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ "እህቴ፣ ነገርኩሽ እኮ። ድምፅ ብቻ ነው" አለ። አዝኖላት ነበር የሚመስለው።

አሪፋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ ሆነ። ስሟን ልታስመልስ መጥታ ያላትንም ክብር ልታጣ ነው። ወጥታ በረንዳዋ ላይ ብትቀመጥ፣ ነገ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ ኺሼ ብሎ ይጠራታል። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ ጊዜ ብቆጥረው ኖሮ ስሕተቱን ቤታችን ሆነን እናገኘው ነበር። ጮኽኩ እንጂ አልሠራሁም።

ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አያ አሕመዲን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ድገሙት" አሉ።

መምህርት እናትነሽ ተዘግቷል ልትል ፈለገች፤ እሳቸው ደገሙ። ገበታው አይታያቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው ነው የተቀመጡት። ምቱ ተለቀቀ። አንገታቸውን ደፍተው የመጀመሪያውን ሰሙ፣ ሁለተኛውን ሰሙ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ማሰሪያውንም ቆጠራችሁት እንዴ?" አሉ።

ማንም አልገባውም። እሳቸው በከዘራው እየተደገፉ ተነሡና ወደ አዳራሹ ዞሩ።

"የየቆጠራው የመጨረሻ ሁለት ምቶች የእግር አይደሉም፣ የእጅ ናቸው። ከበድ፣ ዘግየት ይላሉ፣ ስሙ። ይቺ ልጅ እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት ተመትታ ነው የተማረችው። ስፌት ስትጨርስ እጇ ሁለቴ ሳያስር አያርፍም። ጨርቅ ባይኖርም ያስራል። ራሷም አታውቀውም።"

ምቱ እንደገና ተለቀቀ፣ አሁን ሁሉም ሰማው። ፈጠን ፈጠን ያለው የእግር ምት፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ሁለት ከባድ፣ ዘገምተኛ ምት። ቅድምም እዚያው ነበሩ፤ ስንስቅ አልሰማናቸውም። አሪፋ ቀኝ እጇን ገልብጣ ታየው ጀመር፤ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ነበር የምትመስለው።

አያ አሕመዲን ወደ ዝናው ዞሩ። "ልጄ፣ ያ ኮምፒውተርህ ስፌት ማሰር ከማን ተማረ?"



መምህርት እናትነሽ ዘንጉን ወደ ገበታው አናት መለሰችው። ተማሪው ቆጠረ፣ አሁን ግን ወላጁም ይቆጥራል። ከየምቱ ጫፍ ሁለት እየቀነሱ። አሥራ ስድስት፣ አንድ። አ። ስድስት፣ ሦስት። ሪ። ሦስተኛው ሲመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፤ ዘንጉ ፈ ላይ ቆመ፣ ግድግዳውን ሳይነካ። አራት። ማንም ሳያዝ አዳራሹ በአንድ አፍ አሪፋ አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የስም አጠራር ሰምቼ አላውቅም። መስኮቱ ሲነዝር አይቻለሁ፤ ያላመነ የአዳራሹን ጥበቃ ይጠይቅ።

ቆይቶ መምህርት እናትነሽ ስምሽን ለምን ደበቅሽው ብላ ጠየቀቻት። አሪፋ ማይኩን እንደ ትኩስ ብረት ነበር የያዘችው።

"መጽሐፍ ሽፋን አለው፣ ስም ይጻፍበታል። ድምፅ ሽፋን የለውም። እኛ ሰፊዎች የደንበኛ ልብስ እንዳይቀያየር ከኮሌታው ስር ምልክት እንሰፋለን። እሱን ነው ያደረግሁት" አለች። ከዚያ አያ አሕመዲንን አየች። "ማሰሪያው ግን የእሳቸው ነው። ወላሂ፣ እኔ አላሰርኩም።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ሌላ ነው።

ዝናው ከመድረኩ ሳይወርድ፣ ታሪኩ የእሷ ነው አለ። አጭር ነበር፣ ግን በማጉያው ነው ያለው። ማስገደድ ሳያስፈልግ በሳምንቱ ከትረካው መግቢያ ስሙ ወጥቶ የእሷ ገባ፤ እሷም ጠይቃ የገዛ ድምፅዋ የሚተርክበት አዲስ ቅጂ ተሠራ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የዝናው ስም ታትሞ ስለነበር መምህርት እናትነሽ ገልብጣ በጀርባው በእስክሪብቶ አሪፋ ሰዑድ ብላ ጻፈችበት። አሪፋ ያንን ነው መስተዋት አስገብታ ሱቋ ውስጥ የሰቀለችው፤ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጋ። አያ አሕመዲን ስለ ዕርቁ ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። እሷ ግን የእንጨት ሜትራቸውን እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። ሰጧት። ከመስተዋቱ ስር ተሰቅሏል።

አሁን አሪፋ ሁለተኛ ታሪክ እየጻፈች ነው። ስለ ምን እንደሆነ አትናገርም። ሰው ግን ተለውጧል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ተማሪ ቆም ብሎ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። የባጃጅ ሾፌሮች ይወራረዳሉ። ባለፈው ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ፣ ዛሬ መኪናሽ ምን እያለ ነው ብዬ ጠየቅኳት።

"ሱሪህን እያሳጠረ ነው" አለችኝ፤ ሳትስቅ።

እኔ ግን አላመንኳትም። ሱቄ ተመልሼ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስናደድ ኖሬ መቁጠር የጀመርኩት ገና ዘንድሮ ነው። የእግሩ ምት ሲሮጥ እቆጥራለሁ፤ ጫፉ ላይ ሁለቱ የእጅ ምቶች ከበድ ብለው ሲመጡ እቀንሳለሁ።